ሙለታ ወደ ፈረንጆቹ ከሄደ ወዲህ

ሮቤ፣ መስከረም 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዴራ ዓብዱልፈታሕ
ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱ። ይህች ወረቀት በጤናና በሰላም እንድታገኝዎ አላህን እለምናለሁ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባቴን እግሩን ትንሽ ያመዋል እንጂ እሱም ደህና ነው፤ ሰላም በይልኝ ብሏል።

አዴራ፣ አጎቴ ብዬ ብጠራዎም በመልክ አያውቁኝም። ጁሀራ ነኝ፤ የአጎትዎ ልጅ የአብዲ ልጅ። እርስዎ ከጊኒር ሲወጡ ገና አልተወለድኩም። አባቴ ግን የእንፋሎት ነገር በተነሳ ቁጥር የሚጠራው የእርስዎን ስም ነው። «ዕድሜውን ከቦይለር ጋር የጨረሰ ሰው ዓብዱልፈታሕ ነው፤ ጻፊለት» ስላለኝ ነው የደፈርኩት።

እኔ እዚህ ሮቤ በኦቦ ጀሊል ዘይት ፋብሪካ እሠራለሁ። በጄኔራል መካኒክ ዲፕሎማ አለኝ። የገባሁት የዛሬ ስምንት ወር የቦይለር ሠራተኛው የሙለታ ረዳት ሆኜ ነበር። ሙለታ ያንን ቦይለር አሥራ አንድ ዓመት ያነደደ ሰው ነው። ድምፁን ሰምቶ ብቻ ውሃ ጎደለው ወይም ሞላ ይላል። አሁን ግን የለም። ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ላይ የውጭ አገር ሰዎች ትልቅ የፓስታ ፋብሪካ ሠርተው ነሐሴ ላይ ሰው መቅጠር ጀመሩ። እዚህ የሚከፈለውን ሦስት እጥፍ ይከፍላሉ። መጀመሪያ የእኛን ኤሌክትሪሺያን ወሰዱ፤ ከዚያ ብረት የሚቀርጸውን የቶርኖ ሠራተኛ። እኔን ያስተማረኝ መምህር ዳቢሴም ትምህርት ቤቱን ትቶ ገባላቸው፤ ዘንድሮ የእሱን ክፍል የሚያስተምር አልተገኘም። ጳጉሜን ላይ ሙለታም ሄደ።

ኦቦ ጀሊል ጠርቶኝ «ስምንት ወር አብረሽው ነበርሽ፤ ታውቂዋለሽ» አለኝ። አዎ አልኩት። ደመወዜንም ጨመረልኝ።

የቱን ከፍቼ የቱን እንደምዘጋ አውቃለሁ። ለምን እንደሆነ ግን ሙለታ ብዙም አይናገርም ነበር። ስለዚህ ስለ ቦይለር የተጻፈ መጽሐፍ ካለ፣ በእንግሊዝኛም ቢሆን፣ ቢልኩልኝ። ሌላ የምፈልገው የለም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ፦ የውሃውን ልክ የሚያሳየው መስታወት ውስጥ ውሃው ድሮ ይወዛወዝ ነበር፤ አሁን አንድ ቦታ ላይ ቆሟል። ይህ ጥሩ ምልክት ነው አይደል? ሴፍቲ ቫልቩም እያፏጨ አስቸግሮ ነበር፤ ፎርማኑ ሸዋዓለም ተጨማሪ ብረት አንጠልጥሎበት አሁን ጸጥ ብሏል።

በዱዓዎ አይርሱኝ።

ልጅዎ ጁሀራ አብዲ


ጅዳ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለጁሀራ

ወዓለይኩሙ ሰላም። ረመዳን ከገባ ዛሬ አምስተኛ ቀናችን ነው፤ ለእናንተም የተባረከ ያድርግላችሁ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትናንት ነው፤ ሠላሳ አምስት ቀን መንገድ ላይ ቆይቷል። ለአባትሽ በሌላ ጊዜ እጽፍለታለሁ። አሁን አንቺ ይህን አንብቢ፤ መጽሐፉንም ተይው።

ብረቱን ዛሬውኑ አውርጂ። ሴፍቲ ቫልቭ የሚያፏጨው ቦይለሩ መተንፈስ ስላለበት ነው። አፉን ካፈናችሁት በሌላ በኩል ይወጣል፤ የሚወጣበትን ደግሞ እናንተ አትመርጡም።

መስታወቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ውሃ ጥሩ አይደለም። ቦይለር እየፈላ ውሃው ዝም አይልም። መተላለፊያው በቆሻሻ ተደፍኖ ይሆናል። ያኔ የምታይው መስታወቱ ውስጥ ታግቶ የቀረውን አሮጌ ውሃ ነው፤ ቦይለሩ ባዶ ሆኖ እንኳ ሙሉ ነው ይልሻል። ከመስታወቱ ሥር ያለችውን ትንሽ ቧንቧ ክፈቺ፤ ውሃው ይፍሰስ፤ ከዚያ ዝጊያት። ወዲያው ተመልሶ መሙላት አለበት። ካልሞላ እሳቱን አጥፊ።

ውሃው ከመስታወቱ ጨርሶ ጠፍቶ ያገኘሽው እንደሆነ ደግሞ ደንግጠሽ ውሃ እንዳትጨምሪ። ፓምፑን እንዳትነኪ። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከገባ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆናል፤ ያንን የሚችል ብረት አልተሠራም። እሳቱን አውጪ፣ ሰው አርቂ፣ አንቺም ራቂ።

ከቦይለሩ ግድግዳ ጀርባ የሚቀመጥ ሰው አለ? ስንት ነው? ጻፊልኝ። ሙለታንም ባለበት ሄደሽ ፈልጊው፤ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ ይይልሽ።

ረቢ ከክፉ ይጠብቅሽ።

አዴራሽ ዓብዱልፈታሕ


ሮቤ፣ ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዴራ

አሰላሙ ዓለይኩም። ዒዱ በሰላም አለፈ፤ እርስዎንም እንኳን አደረሰዎ። ደብዳቤዎ ኅዳር 19 ደረሰኝ። ፖስታ ቤቱ በር ላይ እንደቆምኩ አንብቤው በሩጫ ወደ ፋብሪካ ተመለስኩ።

ትንሿን ቧንቧ ከፈትኳት። ውሃው ፈሰሰ። ዘጋኋት። አዴራ፣ ምንም ተመልሶ አልመጣም። መስታወቱ ባዶውን ቀረ። እሳቱን አጠፋሁና ብረቱ እስኪበርድ ጠብቄ መተላለፊያውን በሽቦ ስወጋው እንደ ኖራ ያለ ነጭ ነገር ወጣ። ከዚያ ውሃው መጣ፤ ከታች ሁለት ጣት ያህል ብቻ። እኔ ግማሽ ድረስ አለ እያልኩ ነው ሳነድድ የነበረው። ስንት ቀን እንደዚያ እንደሠራሁ አላውቅም። ወጥቼ እንጨት ክምሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ብረቱን ለማውረድ ስል ሸዋዓለም መሰላሉን ያዘብኝ። «የነቢያት ጾም ገብቷል፤ ከዶዶላ ሳይቀር ዘይት አምጡ እያሉን ነው። አንቺ እንፋሎቱን ሜዳ ላይ ልትደፊው ነው?» አለኝ። ኦቦ ጀሊል ዘንድ ሄድኩ። እሱ ክፉ ሰው አይደለም። ደብዳቤዎን አነበብኩለት።

«ልጄ፣ ማንን ልቅጠር?» አለኝ። «ሻሸመኔ ሄጄ ጠየቅኩ። አዳማ ሰው ላክሁ። መፍቻ መያዝ የሚችል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ፈረንጆቹ ምን ያህል ይከፍላሉ ብሎ ነው። እነሱን ያህል ልክፈል ብል በሁለት ወር እዘጋለሁ። ከዘጋሁ ደግሞ እነዚህ ሴቶች ምን ይበላሉ?»

ግማሹን ብረት አስወረደ። ግማሹ አሁንም አለ።

ስለ ግድግዳው ጠይቀውኛል። ከጀርባው ኑግና ተልባ የሚለቅሙ፣ ጆንያ የሚሰፉ ሠላሳ አንድ ሴቶች አሉ። የሮቤን ብርድ ያውቁታል፤ ግድግዳው ስለሚሞቅ ጀርባቸውን አስደግፈው ነው የሚሠሩት። ለአሮጊቷ ለእማማ ጤቤ መሃል ላይ ቦታ ይዘውላቸዋል። ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም። ራቁ ልላቸው ሄጄ ሳልነግራቸው ተመለስኩ። ከነገርኳቸው ሁሉም ሥራ ትተው ይሄዳሉ ብሎ ሸዋዓለም አስጠንቅቆኛል።

ሙለታንም አገኘሁት። ዘበኛው አላስገባ ብሎኝ በአጥሩ ሽቦ በኩል ነው የተነጋገርነው። አዲስ ሰማያዊ ቱታ ለብሷል፤ ትንሽም ወፍሯል።

«ሌላ ቤት ስሠራ ከተገኘሁ እንደምባረር ፈርሜያለሁ፤ ጁሀራ፣ አራት ልጅ አለኝ» አለኝ።

«ጋሼ ሙለታ፣ አንድ ሰዓት ብቻ።»

«እዚህ ቦይለሩ ውሃ ሲያንሰው ራሱ ይጮኻል፣ ራሱ ይጠፋል። እኔ በየሰዓቱ ቆጣሪ እያየሁ መጻፍ ነው ሥራዬ።» ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ። «ያኛውን ግን… ያኛውን በጆሮ ነበር የምይዘው። ጆሮን እንዴት አድርጌ ልስጥሽ?»

ከዚያ ደወል ተደወለና ገባ።

አዴራ፣ አሁን ጠዋት ጠዋት ከቤት ስወጣ እናቴን ሁለት ጊዜ ነው የምሰናበታት። ምን ሆነሻል ትለኛለች፤ ምንም እላታለሁ።

ጁሀራ


ጅዳ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለጁሀራ

ሰላም ለአንቺና ለቤተሰቡ ሁሉ ይሁን። ለማንም ያልተናገርኩትን ነገር ልጽፍልሽ ነው፤ ለአባትሽ አታንብቢለት።

ከአገር ከመውጣቴ በፊት አዋሽ ዳር በአንድ የጥጥ መዳመጫ ቦይለር ላይ ነበርኩ። ባዳሳ የሚባል ረዳት ነበረኝ፤ የሪራ ሰው፣ ሳቂታ፣ ከቤቱ ሲመለስ የሐረናን ማር በቅል ይዞልኝ የሚመጣ። በ1966 ጅዳ ውስጥ አንድ የውጭ ኩባንያ ቦይለር የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፣ አራት እጥፍ ይከፍላል ተባለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሄድኩ። ባዳሳን «አንተ ታውቀዋለህ» አልኩት። ያስተማርኩት መክፈትና መዝጋት ነበር። ሌላውን ቀስ ብዬ አሳየዋለሁ እያልኩ ነበር የቆየሁት።

በአራተኛው ወር ደብዳቤ መጣልኝ። መስታወቱ ተደፍኖ ነበር። ባዳሳና ሌሎች አምስት ሰዎች ሞቱ።

እናቱ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሪራ በሕይወት ነበረች። አንድም ቀን ሄጄ ፊቷን አላየሁም። ሰው ሁሉ ሥራ አስሮት ነው የቀረው ይላል። አይደለም። ወደ ሪራ የሚወስደውን የዶሎ መናን መንገድ ይዤ በሐረና ጫካ ማለፍ አልችልም።

ስለዚህ ልጄ፣ ውጪ። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ መፍቻውን ለሸዋዓለም ሰጥተሽ ውጪ። ረሃብ ቢመጣ እኔ አለሁ።

የማትወጪ ከሆነ ግን፣ እንደማትወጪም እፈራለሁ፣ መስታወቱን በየሰዓቱ ፈትኚ። በየሰዓቱ።

አዴራሽ ዓብዱልፈታሕ


ጅዳ፣ ጥር 27 ቀን 1996 ዓ.ም.

ጁሀራ ልጄ

መልስሽን መጠበቅ አልቻልኩም። ለሐጅ የመጡ የጊኒር ሰዎችን መካ ውስጥ አግኝቼ ስለ ሮቤ ጠየቅኳቸው። አንዱ «እኛ ስንነሳ አንድ ዘይት ፋብሪካ ውስጥ ነገር ነበር፤ ሰዉ እየጮኸ ሲወጣ ሹፌራችን አይቷል» አለኝ። የማን ፋብሪካ? አላወቀም። የሞተ አለ? አላወቀም። ሹፌሩ ጎባ ነው ያለው።

የአረፋን በዓል እንዴት እንዳሳለፍኩት አላህ ያውቃል። ቁጥሩን ከእነሱ ተቀብዬ በጎረቤታችሁ ቤት ስልክ ደውዬ ነበር፤ ማንም አላነሳም።

ረጅም አትጻፊ። አንድ ቃል ብቻ ላኪ። አንቺ መላክ ካልቻልሽም አባትሽ ይላክ፤ ምንም ይሁን ምን ይንገረኝ።

ዓብዱልፈታሕ


ሮቤ፣ የካቲት 18 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዴራ

አሰላሙ ዓለይኩም። አለሁ። ማንም አልሞተም። ይህን አስቀድሜ ልጻፍልዎ።

ሁለቱ ደብዳቤዎችዎ፣ አንዱ በፖስታ ዘግይቶ፣ ሌላው በሐጃጆች እጅ፣ አንድ ላይ ባለፈው ሳምንት ደረሱኝ። «ውጪ» ያሉኝን ያነበብኩት ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ስለ ባዳሳ የጻፉትን ለማንም አላነበብኩም።

ጥር 7፣ ዓርብ ነበር። ኦቦ ጀሊል ለጁምዓ ሶላት ወጥቷል። መብራት ሄደና ፓምፑ ቆመ፤ እሳቱ ግን ይነዳል። እኔ የቧንቧ ማሸጊያ ጋስኬት ላመጣ ዕቃ ቤት ገብቼ ነበር። ስመለስ መስታወቱ ባዶ ነው። ቧንቧዋን ከፈትኩ፤ እንፋሎት ብቻ እፍ አለ። ወዲያው መብራቱ መጣ።

ሸዋዓለም ወደ ፓምፑ ሮጠ። እኔ ከፓምፑ ወደ ቦይለሩ ውሃ የሚያሳልፈውን ቫልቭ ዘጋሁና መዘውሩን ፈትቼ ሻሼ ውስጥ ጠቀለልኩት።

«መልሺ!» አለኝ።

«አልመልስም።»

«ውሃ አጥቶ ሊቃጠል ነው እኮ! አብደሻል?»

«አሁን ውሃ ካገኘ ነው የምናልቀው። ሴቶቹን አስወጣ፤ ሴቶቹን አስወጣልኝ!»

ልቀቂ አልለቅም ተባባልን። ክንዴን ጠምዝዞኛል፤ ሰንበሩ አሁንም አለ። ጩኸታችንን ሰምተው ሴቶቹ ራሳቸው መውጣት ጀመሩ። ሁሉም ወደ ውጭ ሲሮጥ ዙሀይራ የምትባል ጆንያ ሰፊ ወደ ውስጥ ገባች። ምንም አልጠየቀችም። ረጅሙን ብረት ይዛ አብራኝ እሳቱን ከምድጃው ጎትታ አወጣች። ከዚያ ሁለታችንም ሮጥን፤ ሸዋዓለምም ተከተለን።

ሜዳው ላይ ቆመን ጠበቅን። ነፋሱ ይጋረፋል። አንድ ሰዓት ሆነ። ምንም የለም። አንዳንዶቹ መሳቅ ጀመሩ። እማማ ጤቤ መጥተው «ልጄ፣ ምን ታየሽ?» አሉኝ። ኦቦ ጀሊል ከመስጊድ ሲመለስ ሸዋዓለም «ይህች ልጅ ሥራ አስቆመችብን» አለው።

«ምን ሆነ?» አለኝ ኦቦ ጀሊል።

«ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ?»

አለቀስኩ። ሰው ሁሉ እያየኝ። ከዚያ «ሦስት ቀን ይብረድ። ከፍታችሁ እዩት። ምንም ካልሆነ አባሩኝ» አልኩት።

ሰኞ ጠዋት ሙለታ ፈረቃው ሳይደርስ መጣ። ማን እንደነገረው አላውቅም። እሱ ነው የከፈተው። ባትሪ አብርቶ አንገቱን አስገባና ብዙ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ተራ በተራ አየን። ከእሳቱ በላይ ያለው ብረት እንደ ረጠበ ካርቶን ወደ ታች ተንጠልጥሏል።

«ውሃው ገብቶ ቢሆን ኖሮ…» አለ ሙለታ። ሸዋዓለም ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ። እስከ ዛሬ ድረስ ዓይኔን አያየኝም።

አሁን ቦይለሩ ቆሟል። የሚበይደው ሰው ጠፍቶ ኦቦ ጀሊል አዲስ አበባ ተመላልሷል፤ ፈቃድ ያላቸው በያጆች ሁሉ በየውጭ ኩባንያው ገብተዋል። አንዱ መጋቢት ላይ እመጣለሁ ብሎታል። የቀረውን ብረት ግን ኦቦ ጀሊል ራሱ ሴፍቲ ቫልቩ ላይ ወጥቶ በገዛ እጁ አወረደው።

ሌላም ነገር አለ። የፓስታ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በሙለታ በኩል አስጠራኝ። በአስተርጓሚ ብዙ ጠየቀኝ። የሦስት ወር ሥልጠና፣ የምስክር ወረቀት፣ ሦስት እጥፍ ደመወዝ እሰጥሻለሁ አለኝ። እስከ ግንቦት መጀመሪያ እንድወስን ነው። አባቴ ሲሰማ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሱጁድ ወረደ።

እኔ ስሄድ «አንቺ ታውቂዋለሽ» የምትባለው ዙሀይራ እንደሆነች አስቀድሜ አውቄያለሁ። ምን ላድርግ?

ጁሀራ


ጅዳ፣ መጋቢት 25 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለጁሀራ

አልሐምዱሊላህ። ደብዳቤሽን ይዤ መንገድ ላይ ነው የተቀመጥኩት፤ ሰዎች የታመምኩ መስሏቸው ውሃ ሰጡኝ።

ሂጂም ቅሪም ለማለት አፍ የለኝም። ያንን ደመወዝ ሠላሳ ዓመት በልቼዋለሁ። አንቺን አትብዪ ብዬ ማን ልሆን? እዚህ አሁን አዳዲሶቹን ቦይለሮች ለአገሩ ልጆች እያስረከቡ ነው፤ እኔ ከሐምሌ በኋላ አያስፈልገኝም ተብያለሁ። ፈላጊ ባለሽ ጊዜ መፈለግሽን አትናቂው።

ግን ሰው የምታስተምሪበት ቀን ለምኚያቸው። እኔ ለባዳሳ ሁለት ሳምንት ነበር የሰጠሁት። አንቺ የምትችይውን ያህል ለምኚ።

አዴራሽ


ሮቤ፣ ግንቦት 4 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዴራ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። ዝናቡ ጥሩ ነው፤ የአባቴም እግር ተሽሎታል።

በያጁ መጋቢት መጨረሻ ላይ መጣ። ቦይለሩን ሚያዝያ 3 መልሰን አነደድነው። ፈሪ ናት እንዳይሉኝ እንጂ በዚያን ቀን ክብሪቱን ሦስት ጊዜ ነው የሰበርኩት። ኦቦ ጀሊል ሴቶቹን ወደ ማዶው መጋዘን አዛወራቸው። እማማ ጤቤ በረደኝ ብለው ሁለት ሳምንት አኩርፈውኝ ነበር።

ለፓስታው ሥራ አስኪያጅ ሰኔ ላይ ልግባ አልኩት። አይሆንም፤ ከግንቦት 9 ካለፈ ቦታውን ለሌላ እሰጣለሁ አለ። ስለዚህ የነበረኝ አምስት ሳምንት ነው። ኦቦ ጀሊልን ዙሀይራን ስጠኝ አልኩት። አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች፤ እሳቱን ያወጣችው እሷ ናት። ሸዋዓለም ጆንያ ሰፊ ናት ሲል ኦቦ ጀሊል «ያን ቀን እሳቱ ሲወጣ አንተ የት ነበርክ?» አለው። ደመወዟንም ከፍ አደረገላት።

የማውቀውን ሁሉ፣ እርስዎ የጻፉልኝን ሁሉ ነገርኳት። በመጨረሻ ደግሞ ያጠፋሁትን ሁሉ። ሙለታ አንድም ቀን ፈርቶ አላየሁትም ነበር፤ እኔም መፍራት እንዳለብኝ አላወቅኩም። እሷ ግን ስፈራ ታየኛለች። አልደብቃትም።

ትናንት ማክሰኞ ብቻዋን ተውኳት። እኔ ሴቶቹ ይቀመጡበት በነበረው ባዶ ቦታ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ጀርባዬ ይሞቃል። ከቁርኣን ያሲንን መቅራት ጀመርኩ፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ የቦይለሩ ድምፅ ቀነሰ። ዙሀይራ ጥላሸት ተቀብታ ወጣች።

«አጥፍቼዋለሁ» አለችኝ።

«ለምን?»

«እኔ እንጃ። መስታወቱ ደህና ነው። ፓምፑ ግን የሚያወራው ሌላ ነገር መሰለኝ። ተቆጪኝ፤ ግን ሳልጠይቅሽ አጠፋሁት።»

ሸዋዓለም ከበሩ «አሁንስ ምን ተገኘ?» እያለ መጣ። ገብቼ ፓምፑን ፈታሁት። የሚስብበት ቱቦ ተሰንጥቆ ከውሃው ጋር አየር እየሳበ ነበር። ሌላ ሩብ ሰዓት ቢቆይ ውሃ መስጠት ያቆም ነበር። እኔ ከግድግዳው ማዶ ሆኜ ምንም አልሰማሁም።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ፓስታ ፋብሪካ ሄጄ ፈረምኩ። እስክሪብቶውን ይዤ ሳልፈርም ስቆይ ሥራ አስኪያጁ በአስተርጓሚው «ምን ያስፈራሻል? የእኛ ቦይለር እኮ ራሱ ይጠፋል» አስባለኝ። ፈርሜ እስክሪብቶውን መለስኩለት።

አድራሻዎን ለዙሀይራ ሰጥቻታለሁ። ብትጽፍልዎ ሳይውል ሳያድር ይመልሱላት፤ ደብዳቤው ሠላሳ ቀን እንደሚፈጅ ነግሬያታለሁ።

ግንቦት 9፣ ሰኞ፣ እኔ እዚያ ስገባ እሷ ብቻዋን ታነድዳለች። ይህ ደብዳቤ ከዚያ ቀን በኋላ ቢደርስዎም ጎህ ሲቀድ በፈጅር ሶላት ዱዓ ያድርጉላት።

ልጅዎ ጁሀራ